አባይ በረሃ ውስጥ የተኛው ባሕር

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው ጎሃ ጽዮን ሲደርስ የሚሆነውን ያውቃል። ሹፌሩ ማርሽ ይቀንሳል። ጆሮ ይደፈናል። የፍሬን ሽታ ይመጣል። እናቶች ያማትባሉ። ግማሹ ተሳፋሪ መጋረጃውን ይስባል፣ ግማሹ ስልኩን አውጥቶ ገደሉን ይቀርጻል። ደጋ ላይ የለበሱት ጃኬት ታች ሲደርሱ ይከብዳል። ድልድዩን ተሻግሮ ሽቅብ እስከ ደጀን መውጣቱ ደግሞ ሌላ ትዕግሥት ነው።

እኔ ብዙ ጊዜ ከመጋረጃ ሳቢዎቹ ወገን ነበርኩ። አንድ ጊዜ ግን ከፊታችን ከባድ መኪና ተበላሽቶ ረጅም ሰዓት ቆምን። መቼም ሰው ሲሰለቸው የማያየው ነገር የለም፤ ማዶውን ማየት ጀመርኩ። ያኔ ነው የገረመኝ። ማዶ ያለው ተዳፋት አንድ ወጥ አይደለም። ደረጃ ነው። ቀጥ ያለ ገደል አለ። ከሥሩ ሰው አርሶ የሚዘራበት ለስለስ ያለ መሬት አለ። ከዚያ እንደገና ገደል፣ እንደገና ለስላሳ ተዳፋት። እኛ ያለንበትም ወገን ያው ነው። ሁለቱን አንድ ግንበኛ በአንድ ልክ የሠራቸው ይመስላሉ።

ምስጢሩ ያለው ድንጋዩ ላይ ነው። አባይ በረሃ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ድንጋይ አይደለም። የተለያዩ ድንጋዮች አንዱ በሌላው ላይ ተነባብረው ነው የቆሙት። የእነዚህን ንብብሮች ቅደም ተከተልና ዕድሜ የሚያጠናው የጂኦሎጂ ዘርፍ ስትራቲግራፊ ይባላል። ቃሉ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው።

የቆየ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ወለል አስቡ። ሥሩ አፈር ነው። አፈሩ ላይ ሰሌን ተነጥፏል። ዓመታት አልፈው የአንዲት ባልቴት ስለት የሆነ ምንጣፍ መጣና ሰሌኑ ላይ ተነጠፈ። የአንድ ነጋዴ ስለት ደግሞ እሱ ላይ። አሮጌውን የሚያወጣ የለም፤ አዲሱ ከላይ ይጨመራል። ጠርዙን ገለጥ አድርጎ ያየ ሰው ከታች ያለው ቀድሞ እንደተነጠፈ ለማወቅ መዝገብ ማገላበጥ አያስፈልገውም። ዴንማርካዊው ኒኮላስ ስቴኖ እ.ኤ.አ. በ1669 ይህንኑ ስለ ድንጋይ ጻፈ። ካልተገለበጠ በስተቀር የታችኛው ንብብር ከላይኛው ይቀድማል። አንድ ነገር ደግሞ ጨመረ። ንብብር ሲነጠፍ ወደ ጎን ተዘርግቶ ነው የሚነጠፈው፤ ስለዚህ በሸለቆ ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት ንብብር በአንድ ተራ ከታየ፣ ድሮ አንድ የነበረውን በኋላ የመጣ ነገር ቆርጦታል ማለት ነው። ጎሃ ጽዮንና ደጀን የሚመሳሰሉት ለዚህ ነው። አባይ የቆረጠው አንድ ምንጣፍ ግራና ቀኝ ጫፎች ናቸው።

ደረጃውም በዚሁ ይፈታል። ጠንካራው ድንጋይ ገደል ሆኖ ይቆማል። ለስላሳው ይሸረሸርና ተዳፋት ይሆናል፤ አፈር ይይዛል፤ ይታረሳል። በአውቶቡስ መስኮት እንኳን ድንጋዩን ሳንነካ ጠንካራውንና ለስላሳውን መለየት እንችላለን።

አውቶቡሱ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወስደን። ታሪኩ ግን ከታች ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ድልድዩ ጋ እንውረድና ከዚያ እንነሣ።

ከወንዙ ዳር

ድልድዩ አካባቢ ያለው ቀላ ያለ፣ ሻካራ ድንጋይ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ጂኦሎጂስቶች የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ይሉታል። ከ200 ሚሊዮን ዓመት በፊትና ከዚያ ወዲህ ባለው ዘመን፣ ማለትም በትራያሲክ መጨረሻና በጁራሲክ መጀመሪያ አካባቢ የተከማቸ ነው። ያኔ አባይ የለም። ደጋም የለም። አፍሪካ ከዓረብ ምድር፣ ከሕንድ፣ ከማዳጋስካር፣ ከደቡብ አሜሪካና ከአንታርክቲካ ጋር ተጣብቃ ጎንድዋና የሚባል አንድ ግዙፍ አህጉር ነበረች። የዛሬው ጎጃምና ሸዋ ያለበት ቦታ ዝቅ ያለ ሜዳ ነበር። ሜዳው ላይ የጥንት ወንዞች እየተንከራተቱ አሸዋ ያራግፉ ነበር።

ወንዝ መሆኑ በምን ይታወቃል? ድንጋዩ ራሱ ይናገራል። አሸዋው ውስጥ ሰያፍ መስመሮች አሉ። ዛሬም የወንዝ ዳር አሸዋ ቢቆረጥ እንደዚያው ሰያፍ መስመር ይታያል፤ ውሃ አሸዋውን እየገፋ ሲቆልል የሚተወው ምልክት ነው። መስመሩ ያጋደለበት አቅጣጫ ውሃው ወዴት ይፈስ እንደነበር ይጠቁማል። ቅላቱ ደግሞ ብረት ነው፤ አየር ያገኘ ብረት ይዝጋል፣ የዛገ ብረት ይቀላል።

ይህ ድንጋይ አባይ ውስጥ ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ። ትግራይ ውስጥ ገርዓልታ ላይ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉበት ቀይ ገደል ይኸው ነው። ኦጋዴን ውስጥ ደግሞ ከመሬት በታች በጥልቀት ተቀብሮ ይገኛል፤ የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ካለባቸው ንብብሮች አንዱ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ነው። አንድ ምንጣፍ ነው፤ አንዱ ጋ ገደል ሆኗል፣ አንዱ ጋ ቤተ መቅደስ፣ አንዱ ጋ የጋዝ ማጠራቀሚያ።

ከአሸዋው በታችስ? ድልድዩ ጋ አይታይም። ወንዙን ተከትሎ ወደ ምዕራብ የወረደ ሰው ግን ያገኘዋል። አባይ ወደ ሱዳን ድንበር ሲጠጋ የደለሉን ድንጋይ ሁሉ ጨርሶ መሠረቱን ጠርቧል። እዚያ ያለው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ በሙቀትና በግፊት የተቀየረ ጠንካራ ዐለት ነው። የሕዳሴው ግድብ ጉባ ላይ የተቀመጠው በዚህ ዐለት ላይ ነው።

ጀሶው

ከአሸዋ ድንጋዩ በላይ ስንወጣ መሬቱ ይለሰልሳል። ገደሉ ይጠፋል። ግራጫ፣ አረንጓዴ ቢጤና ቀላ ያለ የጭቃ ድንጋይ ይመጣል። በመሃል በመሃሉ ነጭ መስመር ብልጭ ይላል። ነጩ ጀሶ ነው። አዎ፣ ያው ኮርኒስና ግድግዳ ላይ የምናውቀው፣ እጅ የተሰበረበት ሰው የሚታሸግበት ጀሶ። ይህ ንብብር በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ውፍረት አለው። ስሙም የከተማዋ ስም ነው፤ የጎሃ ጽዮን ንብብር ይባላል።

እኔን ከሁሉም ንብብር የሚገርመኝ ይሄኛው ነው። ጀሶ ዝም ብሎ አይፈጠርም። የባሕር ውሃ ተኖ ሲወፍር መጀመሪያ ከሚዘቅጡት ነገሮች አንዱ ጀሶ ነው፤ የምንበላው ጨው ከእሱ በኋላ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ጀሶ ያለበት ቦታ ሁለት ነገር ይመሰክራል። አንደኛ ባሕር ደርሶ ነበር። ሁለተኛ ፀሐዩ ሲበረታ ውሃው ይደርቅ ነበር።

ይህ ቦታ ምን ይመስል እንደነበር ለማየት የሚፈልግ ሰው ወደ አቡ ዳቢ ባሕር ዳር ይሂድ። ኤምሬትስ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሳያውቁት በመኪና ያልፉበታል። ከባሕሩ ጥግ ጀምሮ ለጥ ያለ፣ ነጣ ያለ፣ ዛፍ የሌለበት ሜዳ አለ። ዓረቦቹ ሰብኻ ይሉታል። ማዕበል አንዳንዴ ይደርሰዋል፤ ከዚያ ፀሐይ ያቃጥለዋል፤ ከመሬቱ ውስጥ ጀሶ ይበቅላል። ከዛሬ 180 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ የጎሃ ጽዮን መልክ ከዚህ ብዙ አይርቅም ነበር።

እዚህ ላይ አንዲት ስሌት ላምጣ። አንድ ሺህ ሜትር ጥልቀት ያለው የባሕር ውሃ ሙልጭ ብሎ ቢተን የሚተወው ጀሶ አንድ ሜትር እንኳን አይሞላም። አባይ በረሃ ያለው ጀሶ ግን ተደማምሮ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ታዲያ ከየት መጣ? ውሃው መጥቶ ይተናል፤ እንደገና ይመጣል፤ እንደገና ይተናል። ይህ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ሲደጋገም ነው የሚጠራቀመው። በጀሶው መካከል የጭቃ ድንጋይ የሚገባውም ለዚህ ነው፤ ባሕሩ ትንሽ ገፋ ሲል ጭቃ፣ ሸሸ ሲል ጀሶ።

ከገደሉ ላይ የባሕር ዛጎል አንስተው «የኖኅ ውሃ ነው ያመጣው» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። እኔ በሰው እምነት ውስጥ አልገባም። ድንጋዩ ግን የአንድ ጊዜ ጎርፍ አይመስልም። ጎርፍ አንዴ ይመጣል እንጂ ስንት ጊዜ እየመጣ ስንት ጊዜ እየደረቀ ጀሶ አያነጥፍም።

ባሕሩ ሲመጣ

ከጀሶው በላይ እንደገና ገደል ነው። ቢጫማ ነጭ፣ በመደዳ የተደረደረ ድንጋይ። ይህ የኖራ ድንጋይ ነው። አንጣሎ ይባላል። አባይ በረሃ ላይ ወደ 400 ሜትር ይጠጋል። መቀሌ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ የከተማዋ የድንጋይ ቤቶች ቢጫ መልካቸውን ያገኙት ከእሱ ነው።

እዚህ ላይ ባሕሩ መምጣት ብቻ አይደለም፣ ተኝቷል። ከደቡብ ምሥራቅ፣ ከኦጋዴን በኩል ነው የገባው። ጎንድዋና መሰንጠቅ ጀምራ ነበር፤ በስንጥቁ በኩል ውሃ ገባ። ጥልቅ ውቅያኖስ አልነበረም። ሞቅ ያለ፣ ጥልቀቱ ያነሰ፣ ፀሐይ ወለሉ ድረስ የሚገባበት ባሕር ነበር። ዛጎል ያላቸው እንስሳት፣ ኮራል፣ የባሕር ጃርት ይኖሩበት ነበር። ሲሞቱ ዛጎላቸው ወለሉ ላይ ይቀራል። ዛጎል በዛጎል ላይ፣ ጭቃ በጭቃ ላይ፣ ሲጠጥር የኖራ ድንጋይ ሆነ። ዛሬ ድንጋዩን ፈልጦ ያየ ሰው ዛጎሎቹን ያገኛል።

400 ሜትሩን ለመከመር ከ10 ሚሊዮን ዓመት በላይ ፈጅቷል። ካካፈላችሁት በአማካይ በዓመት የአንድ ወረቀት ውፍረት እንኳን አይሞላም። እኛ አውቶቡስ ላይ ሆነን በደቂቃዎች እናልፈዋለን።

ጀሶውንና ኖራውን በዓይን መለየት ያቃተው ሰው ቤት ውስጥ መሞከር ይችላል። ጀሶ በጥፍር ይጫራል፤ የኖራ ድንጋይ አይበገርም። የኖራውን ድንጋይ ፋቅ አድርጎ ዱቄቱ ላይ አቼቶ ጠብ ቢያደርግ ይፈላል፣ አረፋ ይደፍቃል። ጀሶ ላይ ቢያፈስ ዝም። ጂኦሎጂስቶችም ኪሳቸው ውስጥ ትንሽ ጠርሙስ አሲድ ይዘው የሚዞሩት ለዚሁ ነው፤ የእነሱ ከአቼቶ ይጠነክራል እንጂ ሥራው አንድ ነው።

ሲሚንቶም ከዚሁ ነው የሚመጣው። የኖራ ድንጋይ ከሸክላ አፈር ጋር ተደባልቆ ወደ 1 ሺህ 450 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጋገራል። የወጣው ሲፈጭ ጥቂት ጀሶ ይጨመርበታል፤ ጀሶው ባይኖር ሲሚንቶው ውሃ እንደነካው ወዲያው ይደርቅና ግንበኛው አካፋውን ሳያነሳ ያልቅ ነበር። ኖራ ድንጋይ፣ ሸክላ፣ ጀሶ፤ ሦስቱንም አንድ ባሕር ነው ያስቀመጠልን። የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ሙገርና ደጀን አካባቢ የተሰበሰቡት ባለሀብት ሸለቆ ስለወደደ አይደለም። ድንጋዩ እዚያ ስላለ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አምስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖሩ ሰዎች፣ የቆማችሁበት ወለል በከፊል የጁራሲክ ባሕር ነው።

ባሕሩ ሲሄድ

ከኖራው ድንጋይ በላይ እንደገና ለስላሳ ነገር ይመጣል። የሙገር የጭቃ ድንጋይ ይባላል። እሱ ላይ ደግሞ የደብረ ሊባኖስ አሸዋ ድንጋይ አለ። ውፍረታቸው ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ አንዱ ጋ ወፍራም ገደል ናቸው፣ አንዱ ጋ ቀጭን ናቸው።

እዚህ ጋ ቆም እንበልና ተራውን እንየው። ከታች አሸዋ። ከዚያ ጭቃና ጀሶ። ከዚያ የኖራ ድንጋይ። ከዚያ ጭቃ። ከዚያ አሸዋ። ከታች ቢነበብም ከላይ ቢነበብም ያው ነው። ይህ አጋጣሚ አይደለም። አንድ ባሕር ወደ የብስ ሲገባ መጀመሪያ የነበረው የወንዝ አሸዋ ነው፤ ቀጥሎ የባሕር ዳር ጭቃ ይመጣል፤ ቀጥሎ ባሕሩ ራሱ። ሲመለስ በመጣበት ተራ ነው የሚመለሰው። ባሕሩ ይሸሻል፣ የባሕር ዳር ጭቃ ይተካዋል፣ ከዚያ ወንዞች እንደገና አሸዋቸውን ይዘው ይደርሳሉ። አባይ በረሃ የአንድ ባሕር መምጣትና መሄድ ነው።

ባሕሩ ሲሄድ ማን ተተካ? የጀማ ሸለቆ ውስጥ፣ የሙገር የጭቃ ድንጋይ ላይ ተመራማሪዎች የዳይኖሰር ጥርስ አግኝተዋል። የኤሊ፣ የአዞና የዓሣ ቅሪቶችም አብረው ተገኝተዋል። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ታትሟል። ስለ ኢትዮጵያ ቅሪተ አካል ሲነሣ ሁላችንም ሉሲ ነው የሚታወሰን። ልክ ነን፤ ግን ከሉሲ በፊት ከ140 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ሸዋ ውስጥ ዳይኖሰር ይዞር እንደነበር የሚያውቀው ስንቱ ነው?

የጎደለው ገጽ

ከአሸዋው በላይ ያለው ጥቁር ገደል ነው። ባዛልት ነው፤ በተለምዶ ጥቁር ድንጋይ የምንለው። ጎሃ ጽዮንም ደጀንም የተቀመጡት በእሱ ላይ ነው። የደለል ድንጋይ አይደለም። ከመሬት ሆድ ቀልጦ የወጣ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ መሬቱ በስንጥቅ በስንጥቅ እየተከፈተ የቀለጠ ድንጋይ እንደ ጎርፍ ፈሰሰ። አንዱ ሲቀዘቅዝ ሌላው በላዩ። አብዛኛው የፈሰሰው በ1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ነው፤ በድንጋይ አቆጣጠር ይህ ቅጽበት ነው። ደጋችን በአብዛኛው በዚህ የተሠራ ነው።

አሁን ቁጥሩን ልብ በሉ። ባዛልቱ 30 ሚሊዮን ዓመት ነው። ከሥሩ ያለው አሸዋ ድንጋይ ግን ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ሁለቱ ተነካክተዋል፤ በእጅ መዳፍ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መንካት ይቻላል። በመካከላቸው ግን ወደ 70 ሚሊዮን ዓመትና ከዚያም በላይ ጠፍቷል። ዳይኖሰሮች የጠፉት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ ያ ዘመን እዚህ ገደል ላይ የለም። ወይ ምንም አልተነጠፈም፣ ወይ የተነጠፈውን ዝናብና ወንዝ ጠርጎታል። ከብራናው መካከል ቅጠሉ ተገንጥሎ፣ ቀሪው ያለ ምንም ምልክት ተሰፍቷል ማለት ነው። ለዓይን ክፍተት የለውም። እንዲህ ያለ መጋጠሚያ በጂኦሎጂ ውስጥ ከድንጋዩ ባልተናነሰ ይጠናል።

ዕድሜውስ በምን ታወቀ? ለባዛልቱ ሰዓት አለው። ውስጡ ያለው ፖታሲየም በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ይቀየራል፤ ድንጋዩ ሲቀዘቅዝ ሰዓቱ ይጀምራል። አሸዋ ድንጋይ ላይ ይህ አይሠራም። ለምን? የአሸዋው ፍሬ ከሌላ ተራራ ተፈርፍሮ የመጣ ነው። ፍሬውን ብትለኩ የምታገኙት የዚያን ተራራ ዕድሜ ነው፤ የአዲስ ቤት ግድግዳ ላይ የገባ አሮጌ ጣውላ የቤቱን ዕድሜ እንደማይነግር ሁሉ። ስለዚህ ለደለሉ ቅሪተ አካል ነው የሚያስፈልገው። በተወሰነ ዘመን ብቻ የኖረ ዛጎል ወይም የጥንት ዕፅዋት ብናኝ ከተገኘ ዘመኑ ይታወቃል።

ስሞቹ ከየት መጡ?

አንባቢ «አባይ ውስጥ ያለ ድንጋይ እንዴት አዲግራትና አንጣሎ ተባለ?» ቢል ልክ ነው። ታሪኩ ከመቅደላ ጋር የተያያዘ ነው። የእንግሊዝ ጦር በናፒየር መሪነት አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ሲመጣ ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል ጂኦሎጂስት አብሮ ነበር። ወታደሩ ወደ መቅደላ ሲገሰግስ እሱ ድንጋይ ይመለከት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1870 መጽሐፉን አሳተመ። አዲግራት ያየውን አሸዋ ድንጋይ አዲግራት፣ አንጣሎ ያየውን ኖራ ድንጋይ አንጣሎ አለው። ባዛልቱን ለሁለት ከፍሎ የታችኛውን በአሸንጌ ሐይቅ፣ የላይኛውን በመቅደላ ሰየመው።

ተራውን ተመልከቱ። አዲግራት፣ አንጣሎ፣ አሸንጌ፣ መቅደላ። ጦሩ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የተጓዘበት ተራ ነው። በአጋጣሚ የድንጋዮቹም የዕድሜ ተራ ይኸው ሆነ፤ ሰውየው ወደ መቅደላ በቀረበ ቁጥር ወደ አዲሱ ድንጋይ እየወጣ ነበር። የአንድ ንጉሥ መጨረሻ መንገድ በሀገሪቱ የድንጋይ መዝገብ ላይ ታትሞ ቀረ።

አባይ በረሃ ውስጥ ያሉት ንብብሮች የራሳቸውን ስም ለማግኘት ከመቶ ዓመት በላይ ጠበቁ። ኢትዮጵያዊው የጂኦሎጂ ምሁር ጌታነህ አሰፋ ናቸው እ.ኤ.አ. በ1981 የጎሃ ጽዮንን ንብብር በስሙ ለይተው ያወጡት።

ገደሉና ድንጋዩ እኩያ አይደሉም

ብዙ ሰው የሚያደናግረው እዚህ ላይ ነው። ድንጋዮቹ አሮጌ ናቸው፤ ገደሉ ግን ከእነሱ አንጻር ልጅ ነው። አባይ እነዚህን ንብብሮች አላነጠፈም። የቆረጣቸው እሱ ነው። ይህም የሆነው ባዛልቱ ከፈሰሰ በኋላ ነው። ከሥር ያለው ሙቀት መሬቱን ወደ ላይ ገፋው። በጁራሲክ ከባሕር በታች የነበረው የኖራ ድንጋይ ዛሬ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ባሕሩ ተራራ አልወጣም፤ ተራራው ነው ባሕሩን ይዞ የተነሣው። መሬቱ ሲነሣ የወንዙ ቁልቁለት ጨመረ፤ ውሃው ጉልበት አገኘ፤ መጋዝ ሆነ።

ተመራማሪዎች አባይና ገባሮቹ ከደጋው ጠርበው የወሰዱትን ድንጋይ ሲሰሉ ቢያንስ 93 ሺህ ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር አግኝተዋል። አንድ ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ማለት በየጎኑ አንድ ኪሎ ሜትር የሆነ ኩብ ነው። ከዚያ 93 ሺህ። «አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል፤ ግንዱማ ምን አላት።

መንገዱ

ይህ ሁሉ የመጽሐፍ ነገር ቢመስልም መንገደኛውን በየክረምቱ ያገኘዋል። ጎሃ ጽዮንና ደጀን መካከል ያለው አስፋልት ይሰነጠቃል፣ ይሰምጣል፣ ይንሸራተታል። በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው የሕዳሴ ድልድይ 303 ሜትር ርዝመት አለው፤ ጠንካራው አሸዋ ድንጋይ ጋ ስለሆነ ብዙም አያሳስብም። ችግሩ ወደ ድልድዩ የሚያወርደው መንገድ ነው። የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ፣ በተለምዶ ጃይካ የሚባለው፣ ከኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ጋር ሆኖ ይህንኑ መንሸራተት ለብቻው አስጠንቷል።

ምክንያቱን አሁን ራሳችን መገመት እንችላለን። ባዛልቱና የኖራው ድንጋይ ስንጥቅ ይበዛቸዋል። የክረምቱ ዝናብ በስንጥቁ ይሰርጋል። ወርዶ ወርዶ የጭቃ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ መሄጃ ያጣል። የጭቃ ድንጋይ ውሃ አያሳልፍም፤ ይረጥባል፣ ያብጣል፣ ያንሸራትታል። ጀሶው ደግሞ ውሃ ቀስ በቀስ የሚያሟሟው ድንጋይ ነው። ከላይ ከገደሎቹ የተፈነቀለ ድንጋይና አፈር ተዳፋቱ ላይ ተከምሯል። በሳሙና ላይ የቆመ ክምር ማለት ነው። መንገዱ ደግሞ መሄድ ያለበት በዚያ ላይ ነው፤ ገደሉ ላይ መንገድ መዘርጋት ከባድ ስለሆነ መሐንዲስም እንደ ገበሬው ለስላሳውን ተዳፋት ይመርጣል።

ያው ውሃ በሌላ በኩል ጸጋ ነው። ስንጥቃሙ ድንጋይ ከጭቃው ድንጋይ በሚገናኝበት መስመር ላይ ምንጭ ይፈልቃል። ከገደል ሥር ጠበሉን፣ መንደሩንና የለመለመውን ቦታ ያየ ሰው መጋጠሚያውን አገኘ ማለት ነው።

ባለፈው ስናልፍ ጀሶው ያለበት አካባቢ ሠራተኞች አስፋልት ያለብሱ ነበር። መኪናው ተራ እስኪደርሰው ሲቆም የመንገዱን የተቆረጠ ጠርዝ አየሁት። ከሥር ጠጠር፤ እሱ ላይ አሮጌ አስፋልት፤ እሱ ላይ የጥገና አስፋልት፤ እሱ ላይ ሌላ ጥገና። ከሁሉም በላይ ያለው ገና ይጨስ ነበር።